ዕቅድ ያልተመነው ሥጋት በዋግ ኽምራ ማን ይከፍለዋል?

ሰቆጣ ገበያ ሥጋትን መተመን ከጀመረች ብዙ ዘመን ሆኗታል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከአፋር ዝቅተኛ ሥፍራ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌ ጨው ወደ መሐል አገር ሲጓዝ ከሚያርፍባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ሰቆጣ ነበረች። አሞሌው ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ከፍ ይል ነበር። ጭማሪው ሁሉ ግን ትርፍ አልነበረም። በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥ፣ በመንገድ የሚሰበረው፣ ዝናብ ቢያገኘው የሚሟሟው፣ ሽፍታ ቢመጣ የሚቀረው ሁሉ ከዋጋው ውስጥ ተቆጥሮ ይገባ ነበር። የዚያ ዘመን ሲራራ ነጋዴ የአዋጭነት ጥናት የሚባል ሰነድ አያውቅም፤ ሥጋቱን ግን ከመነሻው አስልቶ ነው ጭነቱን የሚያነሳው።

ከዚያ ወዲህ በዋግ ኽምራ ተራሮች ላይ ብዙ ገንዘብ ፈሷል። አካባቢው በ1958፣ በ1965ና 66፣ ቀጥሎም በ1977 ዓ.ም. በድርቅና በረሃብ የተጎዳ በመሆኑ መንግሥትም ለጋሾችም ፕሮጀክት ሳያቋርጡበት ቆይተዋል። ግድብ ታስቧል፣ ኩሬ ተቆፍሯል፣ ቀፎ ታድሏል፣ እርከን ተሠርቷል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 426 ሺህ ያህል ነዋሪ የተመዘገበበት ይህ ዞን ከሕዝቡ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር የፕሮጀክት ድርሻው ያነሰ አይመስልም። ነጋዴውን፣ ደላላውንና ገንዘቡን የሚያፈስበት የሚፈልገውን ባለሀብት ሊያሳስበው የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ከእነዚህ ሥራዎች መካከል የቆሙት ለምን ቆሙ? የፈረሱትስ ሒሳባቸውን ማን ከፈለ?

ቁጥሩ ከጥናቱ ሲቀድም

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማስተማሪያ የሚሆነው በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የአነስተኛ ግድቦች ዘመቻ ነው። በዋግ ኽምራ ሰሜናዊ ወሰን በሚገኘው በትግራይ ክልል «ሳኤርት» በሚል ምህፃረ ስም የታወቀ ተቋም በ10 ዓመት ውስጥ 500 አነስተኛ የአፈር ግድቦች ሠርቶ 50 ሺህ ሄክታር መሬት በመስኖ ሊያለማ ተነሳ። በአማራ ክልልም በዚያው ሰሞን «ኮሳኤራር» የተባለ ተመሳሳይ ኮሚሽን ተቋቋመ። ተራራው አንድ ነው፣ አፈሩ ተመሳሳይ ነው፣ የዝናቡም ጠባይ አይለይም፤ ክረምቱ በሐምሌና በነሐሴ ይወርድና ዓመቱን ሙሉ ሰማዩ ይዘጋል። ስለዚህ በወዲያኛው በኩል የታየው ውጤት ለዋግም ጭምር የሚነበብ ነው።

የሆነውም እንዲህ ነው። በትግራይ ከታቀዱት 500 ግድቦች ውስጥ በተባለው ጊዜ የተሠሩት አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ ናቸው። ይህ ራሱ ብዙም አያስደንቅም፤ በአገራችን ከዕቅድ በታች መፈጸም አዲስ ነገር አይደለም። ይልቅ የሚያስደነግጠው የተሠሩትስ ምን ላይ ናቸው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የተመራማሪዎች ጥናት በክልሉ 54 ማጠራቀሚያዎችን ተመልክቶ በ61 በመቶዎቹ ደለል፣ በ53 በመቶዎቹ የውሃ ስርገት፣ በ22 በመቶዎቹ ደግሞ በቂ ውሃ አለመግባት ችግር ሆኖ አግኝቶታል። 25 በመቶዎቹ የግንባታ ጉዳት፣ 21 በመቶዎቹ የትርፍ ውሃ ማስተንፈሻቸው መሸርሸር ደርሶባቸው ነበር። ድምሩ ከመቶ የሚያልፈው አንዱ ግድብ ሁለትና ሦስት በሽታ ስለነበረበት ነው።

እነዚህን ችግሮች አንድ በአንድ ቢመረምሯቸው ብዙዎቹ ከመሠረት ድንጋዩ በፊት የነበሩ ናቸው። ውሃ የሚሰርገው ከታች ያለው አለት የተሰነጠቀ ስለሆነ ነው። ይህን ለማወቅ መሰርሰሪያ ማሽን፣ የላቦራቶሪ ምርመራና የጂኦሎጂ ባለሙያ ያስፈልጋል። ማጠራቀሚያው የማይሞላው ወይም ከልክ በላይ ሞልቶ ማስተንፈሻውን የሚሸረሽረው የወንዙ ፍሰት ለበርካታ ዓመታት ስላልተለካ፣ መሐንዲሱም ከሌላ አገር የተቀዳ ቀመር ይዞ ለመገመት ስለተገደደ ነው። ደለሉ ደግሞ ከግድቡ በላይ ያለው ተፋሰስ በእርከንና በዕፅዋት ሳይሸፈን ግድቡ ስለቀደመ ነው። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ይህ የመረጃ ወጪ ይባላል። ከጠቅላላው የፕሮጀክት ወጪ ትንሹ ክፍል ነው፤ በጀት ሲጠብ የመጀመሪያው ተቆራጭም እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ጥናት ሲቀነስ ለጉብኝት የመጣ ባለሥልጣን የሚያየው ጉድለት የለም። ግድቡ ሲደለል ግን ሁሉም ያየዋል።

500 የሚለው ቁጥር ከጥናቱ በፊት መውጣቱ ሌላም መዘዝ አስከትሏል። ቁጥር የተሰጠው መሥሪያ ቤት የሚመዘነው በተሠራው ግድብ ብዛት እንጂ በለማው ሄክታር አይደለም። ስለሆነም በዓመት ይህን ያህል ግድብ ለማድረስ ሲባል ጥሩ ሥፍራ ሲያልቅ ወደ መካከለኛው፣ መካከለኛው ሲያልቅ ወደ ደካማው መሄድ የግድ ይሆናል። ባለሙያውም ከዩኒቨርሲቲ በወጣ በዓመቱ ሦስትና አራት ግድብ እንዲቆጣጠር ይመደባል። ልምድ ያለው የግድብ መሐንዲስ በአገሪቱ በጣት በሚቆጠርበት ዘመን 500 ግድብ ማለት ስንት መሐንዲስ፣ ስንት ቀያሽ፣ ስንት የአፈር ቴክኒሻን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ ቢሰላ ኖሮ ቁጥሩ ራሱ በተስተካከለ ነበር። ሁለቱም ተቋማት ዛሬ በዚያ ስማቸው የሉም።

ቀጥሎ የመጣውም ከዚህ ብዙ አልተማረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሁለቱም ክልሎች የቤተሰብ ኩሬ ቁፋሮ ዘመቻ ተካሄደ። በሺዎች የሚቆጠሩ ኩሬዎች ተቆፈሩ፤ ብዙዎቹ ውሃ መያዝ አልቻሉም። ስርገቱን ለመከላከል የፕላስቲክ ንጣፍ ሲመጣ ለአስመጪው ገበያ ተከፈተ። ፕላስቲኩ በፀሐይ ሲሰነጠቅ ወይም በከብት ኮቴ ሲቀደድ የሚጠግነው ሰው ግን በየቀበሌው አልሠለጠነም ነበር። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ሳይሆን አይቀርም።

ገደሉ የጠየቀው ተጨማሪ ሒሳብ

ትልቁም ከትንሹ አላመለጠም። የተከዜ ግድብ ሐይቅ የዋግ ኽምራን ቆላማ ወረዳዎች፣ አበርገሌንና ዝቋላን የሚነካ ነው። የ188 ሜትር ቁመት ያለውና 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ የሚይዘው ይህ ግድብ 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ታስቦ በቻይና ኮንትራክተሮች ሲሠራ የመጀመሪያው ውል 224 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ኅዳር 2002 ዓ.ም. ሲመረቅ ወጪው 360 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ከመቶ 60 ብልጫ ማለት ነው።

ግድቡ ቅስት ቅርጽ ያለው ነው። እንዲህ ዓይነቱ ግድብ የውሃውን ግፊት በራሱ ክብደት ብቻ አይሸከምም፤ ግራና ቀኝ ላሉት ገደሎች ያስተላልፈዋል። ሲሚንቶና ብረት ስለሚቆጥብ ርካሽ ነው፤ ቁጠባው የሚሠራው ግን ገደሉ ጠንካራ ከሆነ ብቻ ነው። ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በአካባቢው ከባድ የመሬት መንሸራተት ደረሰ። ተዳፋቱን የሚደግፍ ግንብ መጨመር ግድ ሆነ፤ ለዚህ ብቻ 42 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደወጣ ተዘግቧል።

ይህን ለኢትዮጵያ ብቻ የተሰጠ ዕጣ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 2007 በዓለም ዙሪያ የተሠሩ 245 ትላልቅ ግድቦችን መርምረው የመጨረሻ ወጪያቸው ከመነሻው ግምት በአማካይ 96 በመቶ የበለጠ ሆኖ አግኝተውታል። ከአሥሩ ስምንቱ ከጊዜያቸው ዘግይተዋል። ከዚህ አንጻር ተከዜ ከአማካዩ የተሻለ ነው ማለት ይቻላል። የተመራማሪዎቹ ምክር ለባለሀብት ጠቃሚ ነው፤ የራስህን ፕሮጀክት ልዩ አድርገህ ከማየትህ በፊት ከዚህ በፊት የተሠሩ አምሳያዎቹ ምን እንዳጋጠማቸው ቁጠር ይላል። በጨረታ ሰነድ ላይ በልማድ የሚጻፈው 10 በመቶ መጠባበቂያ ከ96 በመቶ አጠገብ ሲቀመጥ ምን ያህል እንደሚያንስ ማንም ያየዋል።

ተከዜ በዋግ በኩል ያመጣው ገበያ ደግሞ ለኃይል ማመንጫ በተሠራው ሐይቅ ላይ በቅሏል። ከሐይቁ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ የሚያወጡ ወጣቶች በማኅበር ተደራጁ። የሰቆጣ ደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከልም በዓሣው ላይ ጥናት አካሂዷል። ምርቱ አለ፤ በዐቢይ ጾም ሰሞን ፈላጊውም አይጠፋም። የጎደለው በረዶ፣ ማቀዝቀዣና መንገድ ነው። ቆላ ውስጥ ጠዋት የወጣ ዓሣ ከሰዓት በኋላ ዋጋው ግማሽ ነው፤ ማታ ዋጋ የለውም። ስለሆነም አጥማጁ ለማድረቅ ወይም ሐይቁ ዳር ለመጣው ገዢ በተባለው ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል። በረዶ የሚያመርት አነስተኛ ማሽንና አንድ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት መኪና ከጀልባና ከመረብ ጋር አብሮ ቢታቀድ የትርፉ ክፍፍል ሌላ ይሆን ነበር። ጦርነቱ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ደግሞ ማቀዝቀዣም ጀልባም የሚሠራበት ጊዜ አልነበረም።

ቀፎው መጣ፣ ሙያው ዘገየ

የሰቆጣ ማር ለአዲስ አበባ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። የዋግና የላስታ ነጭ ማር ከቦታ ቦታ በስሙ የሚሸጥ ነው። ለምርቱ መጨመር ተብሎ በመላ አገሪቱ እንደተደረገው እዚህም የእንጨት ሣጥን ዘመናዊ ቀፎ ለአርሶ አደሩ ተከፋፈለ። በስሌት ወረቀት ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ባህላዊው ቀፎ በዓመት ጥቂት ኪሎ ይሰጣል፤ ዘመናዊው በጥሩ አያያዝ ሦስትና አራት እጥፉን ይሰጣል። ስለዚህ ቀፎ ማባዛት ማር ማባዛት ነው።

«በጥሩ አያያዝ» የምትለዋ ሐረግ ውስጥ ግን ፕሮጀክቱ በሙሉ ተቀምጧል። ዘመናዊ ቀፎ ከውስጡ የሚሠራበት የሰም ወረቀት ይፈልጋል፤ የሰም ማተሚያ ይፈልጋል፤ ማሩን ከሰሙ ሳይለይ እንዳይጭን መጭመቂያው ቀርቶ የሚያሽከረክር ማጣሪያ ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ንቡን ከባህላዊው ወደ ዘመናዊው የማዛወር ሙያ፣ በድርቅ ወራት ስኳር በጥብጦ የመመገብ ልማድ፣ ኅብረ ንቡ ሊኮበልል ሲል ምልክቱን የማወቅ ዓይን ይፈልጋል። ይህ በአንድ ቀን ስብሰባ አይገኝም። ሥልጠናው ሲያጥር ወይም ለማያረባው ሰው ሲሰጥ ምን እንደሚሆን በብዙ ወረዳዎች ታይቷል፤ ቀፎው ባዶውን ይቆማል፤ አንዳንድ ቤት እህል ማስቀመጫ ይሆናል። የገዛው ግን በብድር ነበር።

ከነጋዴው በኩል ሲታይ ይህ የጥራት ጉዳይም ጭምር ነው። ከባህላዊ ቀፎ በጭስ ብዛትና በጥድፊያ የተቆረጠ ማር ሰምና ውሃ ይበዛበታል። ሰሙ ለብቻው የሚሸጥበት ገበያ እያለ ከማሩ ጋር ለጠጅ ይሄዳል። ለውጭ ገበያ የሚያስብ ላኪ የሚፈልገው የርጥበት መጠን፣ ንጽሕናና ተከታታይ አቅርቦት ነው። ሦስቱም በገንዘብ ብቻ የሚገዙ አይደሉም፤ በሰው እጅ ላይ የሚቀመጡ ናቸው። ለአንድ ቀፎ የሚከፈለውን ዋጋ የሚጠይቅ ባለሀብት ቀፎውን ለሚይዘው ሰው የወጣውን የሥልጠና ወጪም ቢጠይቅ ከሁለተኛው መልስ ስለ ምርቱ የበለጠ ያውቃል።

በስሟ የተጠራው ዕቅድ

ሰቆጣ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ስሟ ለዓለም ከተሰማባቸው ሥፍራዎች አንዷ ነበረች። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዓለም አቀፉ የልማት ፋይናንስ ጉባኤ በተካሄደበት ሰሞን መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. በ2030 ለማስቀረት የገባውን ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ሰየመው። ይህ የጤና ጉዳይ ነው ተብሎ በገበያ ገጽ ሊዘለል ይችላል። ሆኖም የቀነጨረ ሕፃን ከ20 ዓመት በኋላ የሚቀጠር ሠራተኛ ነው። ደግሞም ዘር፣ ዶሮ፣ የውሃ ፓምፕና አልሚ ምግብ የሚገዛው በዚሁ ፕሮግራም ነው።

ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው የዕቅዱ አሠራር ነው። የቃል ኪዳኑ ነዳፊዎች እንደ ግድቦቹ ዘመን መላ አገሪቱን የሚሸፍን ቁጥር ይዘው አልጀመሩም። የ15 ዓመቱን ጊዜ በሦስት ምዕራፍ ከፈሉት። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ 40 ወረዳዎች ብቻ የሚካሄድ የሙከራ ምዕራፍ ነበር። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. እስከ 2025 የሚሰፋበት፣ ሦስተኛው እ.ኤ.አ. ከ2026 እስከ 2030 አገሪቱን የሚያዳርስበት እንዲሆን ተነደፈ። ስሕተት ቢኖር በ40 ወረዳ ይታይ፤ በ40 ወረዳ ዋጋ ይታረም የሚል ስሌት ነው።

ሌላው ልዩነት የሰው ጉዳይ ነው። የጤና፣ የግብርና፣ የውሃ፣ የትምህርትና የገንዘብ መሥሪያ ቤቶች በየፊናቸው የሚሠሩትን አንድ ላይ የሚከታተል የፕሮግራም ማስፈጸሚያ ክፍል በፌዴራልና በክልል ተቋቋመ። ወረዳዎች ዋጋው የተሰላ ዕቅድ እንዲያዘጋጁ ሠለጠኑ፤ አፈጻጸሙን በየጊዜው የሚያሳይ የመረጃ ሥርዓት ተዘረጋ። በወረቀት ሲነበብ ቢሮክራሲ ይመስላል። ነገር ግን የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ጉድጓድ የቆፈረበት ቀበሌና የግብርና ጽሕፈት ቤቱ የአትክልት ዘር ያደለበት ቀበሌ የተለያዩ በሆኑበት አገር፣ ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ደመወዙን ብዙ እጥፍ ይመልሳል።

ውጤቱን በተመለከተ የመጀመሪያው ምዕራፍ ከ100 ሺህ በላይ ሕፃናትን ከመቀንጨር እንዳዳነ ፕሮግራሙ በሞዴል አስልቶ አቅርቧል። ሞዴል ሞዴል ነው፤ እያንዳንዱን ሕፃን በሜትር የለካ አይደለም። በብሔራዊው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ግን በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የመቀንጨር መጠን እ.ኤ.አ. በ2016 ከነበረበት 46 በመቶ በ2019 ወደ 41 በመቶ ወርዷል። በዚያው ጊዜ የአገሪቱ አማካይ ከ38 ወደ 37 ነው የወረደው።

ከዚያ ያልተጻፈው መጣ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሳ። በዚያው ዓመት ክረምት ውጊያው ወደ ዋግ ኽምራ ገብቶ ሰቆጣ ራሷ ለወራት ከመንግሥት እጅ ወጣች፤ አበርገሌን የመሳሰሉ አካባቢዎች ደግሞ ከዚያም በላይ ቆዩ። የሕዝቡ መፈናቀል ሳያንስ በክልሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፣ ወደሙ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ሰላም ሲፈረም በቀጣዩ ክረምት ደግሞ ዝናብ ቀረ፤ የዝቋላ፣ የሰሐላና የአበርገሌ እርሻ ደረቀ። በዚያው ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። ጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በድንገት ሲያግድና ቀጥሎም የተራድኦ ድርጅቱን ሲዘጋ በዕርዳታ እህል ማጓጓዝ የሚተዳደረው የመኪና ባለንብረት ሳይቀር ደነገጠ። በአምስት ዓመት ውስጥ አራት አደጋ ማለት ነው።

ዕቅዱ ይህን ሁሉ ሊቆጥር ይችል ነበር ማለት አይደለም። ጦርነትን በጨረታ ሰነድ ማስቀረት አይቻልም። ሊቆጠር የሚችለው ግን አንድ ነገር ነበር፤ ከአደጋው በኋላ ሥራውን ምን ያህል ቶሎ ማንሳት ይቻላል? እዚህ ላይ የሰው ሥልጠና ከሕንፃ የተለየ ጠባይ አለው። የተዘረፈ ጤና ኬላ መሣሪያው ይወሰዳል፣ በሩ ይነቀላል። የሠለጠነች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግን በመጠለያ ጣቢያም ብትሆን የሕፃን ክንድ የምትለካበትን ሙያ ይዛ ነው የምትሄደው። ከሰቆጣ ተፈናቃይ መጠለያ እስከ ቀበሌዋ ስትመለስ የሚያስፈልጋት መለኪያና ምግብ እንጂ አዲስ ኮርስ አይደለም። በአንጻሩ ሠራተኛው በውል ተቀጥሮ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የሚበተን ከሆነ የወጣው የሥልጠና ገንዘብ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ላለው ሌላ ድርጅት የተሰጠ ስጦታ ሆኖ ይቀራል። ሩቅ ወረዳ ላይ ሠራተኛን ማቆየት፣ ማለትም የበረሃ አበል፣ መኖሪያ ቤት፣ የትምህርት ዕድል፣ በአብዛኛው ዕቅድ ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር የለውም።

በሐምሌ የሚጀምረው ዓመት

ለኮንትራክተሩና ለአቅራቢው ይህ ሁሉ ወደ ሦስት የወረቀት ጥያቄዎች ይወርዳል።

አንደኛው ኢንሹራንስ ነው። የተለመደው የግንባታ ውል ፖሊሲ ጦርነትንና ሕዝባዊ ብጥብጥን አይሸፍንም። የአገር ውስጥ ኩባንያዎች የፖለቲካ ሁከትና ሽብር ሽፋን ለብቻው ይሸጣሉ። ዋጋው ለዋግ ሲሆን ከፍ ይላል ወይም ጭርሱን አይሰጥም። ዋጋውን በጨረታው ውስጥ ያስገባ ተጫራች ካላስገባው ይበልጣል፤ ስለዚህ ይሸነፋል። አሸናፊው ሥጋቱን ያልቆጠረው ነው። አደጋው ሲመጣ ማሽኑን ጥሎ የሚወጣውም እርሱ ነው።

ሁለተኛው ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቀደም ሲል በቁርጥ ዋጋ የውሃ ፓምፕ ወይም የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ለማቅረብ የፈረመ ነጋዴ ምን እንደደረሰበት መርካቶ ያውቀዋል። የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ የሌለው ውል ለገዢው መሥሪያ ቤት ርካሽ ይመስላል፤ ዕቃው ሳይመጣ ሲቀር ግን ከሁሉም ውድ ነው።

ሦስተኛውና ብዙ የማይወራው የቀን መቁጠሪያ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዋግ ላይ ያን ጊዜ ዝናብ ነው፤ ወደ ቆላ የሚወርደው የአፈር መንገድ ይዘጋል፣ ገበሬውም እርሻ ላይ ነው። በጀቱ ለወረዳ እስኪደርስ መስከረም፣ ጨረታው ወጥቶ እስኪገመገም ኅዳር፣ ውሉ ተፈርሞ ቅድሚያ ክፍያ እስኪለቀቅ ታኅሣሥ ይሆናል። ከጥር እስከ ሰኔ ደግሞ የሴፍቲኔት የማኅበረሰብ ሥራ ወራት ስለሆነ የቀን ሠራተኛው ለሁለት ይሻማል። ሰኔ 30 ላይ ያልተከፈለ ገንዘብ ወደ ካዝና ይመለሳል፤ ስለዚህ ግንቦትና ሰኔ የጥድፊያ ወራት ናቸው። ሲሚንቶ በሩጫ ይገዛል፣ ኮንክሪት ሳይጠጣ ይለቀቃል፣ ሥልጠናው ሦስት ቀን የነበረው አንድ ቀን ይሆንና በአበል ይዘጋል። ከዚያ የመጀመሪያው ጎርፍ ሐምሌ ላይ ወርዶ ሥራውን ይፈትነዋል።

በዚህ አቆጣጠር ከ12 ወር ውስጥ ዋግ ኽምራ ላይ መሬት ለመንካት በእርግጥ የሚቀረው ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ያለው ነው። አምስት ወር ተኩል።